የአቶ እንግዳ ልጆች

ስለ ከተማው ታላላቅ ሰዎች መጽሐፍ የሚያዘጋጀውን የታሪክ መምህር አንድ አባት ስድስት ዓመት ሙሉ አንገበገበው። ትልቁን ድልድይ የሠራው መሐንዲስ ፍስሐ እንግዳ፣ ጉቦ አልቀበልም ብሎ የታሰረው ዳኛ ምሕረቱ እንግዳ፣ ሠዓሊዋ ዘነበች እንግዳ፤ ሦስቱም በሕይወት የሉም፣ ሦስቱም የአንድ ሰው ልጆች መሰሉት። አቶ እንግዳ ግን መቃብራቸው የለ፣ ዘመዳቸው የለ፣ ስማቸውም በአንድ መዝገብ የለ።

«እንዲህ ያሉ ልጆች የወለደ ሰው እንዴት ዱካው ይጠፋል!» እያለ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው ሁሉ ተጣላ።

በመጨረሻ ልጆቹን በሕፃንነታቸው ያውቃሉ ወደተባሉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ገዳም ድረስ ሄደ።

«እማሆይ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ እኚህ አቶ እንግዳ ማን ናቸው?» አላቸው ምርር ብሎት።

«ማንም አይደሉም፣ ልጄ» አሉት። «ሳልመነኩስ በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ እሠራ ነበር። በር ላይ ተጥሎ ላገኘነው ልጅ ሁሉ የአባቱን ስም እንግዳ ብዬ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።»

መምህሩ በንዴት ደብተሩን አጥፎ ሊነሳ ሲል እጁን ያዙት።

«እዚህ ከገባሁ ወዲህ ወሬያቸውን ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «እስቲ ንገረኝ፤ ሰው ሆኑልኝ?»