መጋቢት ዐሥራ ሁለት

ላፕቶፑን የኔታ ሀብተ ሚካኤል ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ዘጠኙ ዲያቆናት ተማሪዎቻቸው ከጽዱ ጥላ ሥር ተጠጋግተው ከበቡን። ከደባርቅ ደረስጌ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነበር። ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ በልጅነቴ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ለዚያው ስሌት ፕሮግራም ሠርቻለሁ።

"ያስባል?" ብለው ጠየቁኝ።

የሰው ሐሳብ ሁሉ ሲገላበጥ ስሌት እንደሆነ፣ አእምሮም ከሥጋ የተሠራ ማሽን እንደሆነ፣ ኮሌጅ የተማርኩትን አብራራሁላቸው። ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ተማሪዎቹ እንዲሰሙኝ ነው። የኔታ አልተከራከሩኝም። በግዕዙ ሐሰበ ማለት አሰበም ቆጠረም እንደሚሆን፣ ሁለቱ አንድ ስለመሆናቸው ግን እስካሁን እርግጠኛ እንዳልሆኑ ብቻ ነገሩኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የጣቶቻቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት" አሉ።

ዓመቱን ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ መጋቢት 12 የሚል ወጣ።

"የኔታ፣ በአንድ ወር ስተዋል" አልኩ፤ ለዲያቆናቱም አዙሬ አሳየኋቸው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከመካከላቸው አንዱ ሊናገር አፉን ሲከፍት የኔታ በእጃቸው ከለከሉት። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"እርጅና ነው ልጄ" አሉ። "ወሩን ስቼ ይሆናል።"

ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ቅጥሩ በር ላይ ሄደው እንዲጠብቁ አዘዟቸው። ብቻችንን ስንቀር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ያርጋል፣ ፋሲካ ከመጋቢት ሃያ ስድስት ቀድሞ አይውልም። ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያስተማርኩህ።"

ፊቴ ጋለ። ስህተቱ ወዲያው ታየኝ። ድምሩ ከሠላሳ ሲያልፍ ሠላሳውን እንዲቀንስ አዝዤው፣ ወሩን እንዲያሻግር ማዘዙን ረስቻለሁ። ለሁለት ወር ሌት ተቀን ስሠራው ይህ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ የሳትኩት አሉ?"

"እሱማ አያፍርም" አሉ፣ ላፕቶፑን በቀስታ ወደ እኔ እየመለሱ። "ያሰብኩት ለአንተ ነው።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ላፕቶፑን በብብቴ ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ዲያቆናቱ ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም የመጀመሪያውን ሳምንት ትምህርት ካለፉ ቆይተዋል። የሳትኩት እኔ መሆኔን ልነግራቸው ፊታቸው ቆምኩ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ዘጠኙም አንድ ላይ ተነሡልኝ።

"በሰላም ይግቡ፣ መምህር" አለ ቅድም ሊናገር የነበረው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

አንዳቸውም አልሳቁም።