በሳጥኑ ላይ ያለችው ኤክስ

«ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም?» የሚለውን ጥያቄ እናትየዋ ያኔ በቃሏ ልትመልሰው አልቻለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ እየመጣች ሴት ልጆችን በፈቃደኝነት የምትመክረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የእናትየዋን ልጅ ጨምሮ ልጆቹን ለሦስት ቀን ሥልጠና ወልድያ ልትወስዳቸው ሚኒባስ አቁማ ነበር።

«መንገዱ ሰላም ነው?» አለች እናት ለሦስተኛ ጊዜ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው እትዬ። እዚህች የፈቃድ ወረቀት ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉልኝ።»

እናት የጎልማሶች ትምህርት ከገባች አራት ወሯ ነበር፤ በጣት አሻራ ልፈርም ሳትል እስክሪብቶውን ተቀበለች። «እፈቅዳለሁ» የሚለውን ፊደል በፊደል አነበበች። «አልፈቅድም» የሚለውንም አነበበች። ወሰነች። አስተማሪዋ ስህተት ላይ እንደሚያደርጉት፣ «አልፈቅድም» ከሚለው ፊት ባለችው ሳጥን ላይ ኤክስ አደረገች።

አማካሪዋ ወረቀቱን አይታ አጠፈችው። «አልፈቅድም ካሉማ ይሁን፤ እናት ነዎት» አለች።

ልጇ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ትናንት እሺ ብለሽኝ አልነበር?»

እናት የሠራችው ስህተት ያኔ ገባት። «‹አልፈቅድም›ን ልሰርዘው ብዬ ነው» ለማለት አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከሌሊት ጀምሮ ደረቷን ይዞ የነበረው ፍርሃት ለቀቅ ሲያደርጋት ተሰማት፤ አፏን መልሳ ዘጋች። ሚኒባሱ ስድስት ልጆች ይዞ ወደ ወልድያ ሄደ፤ የእሷ ልጅ ቀረች።