አረፋው ከየት ይወጣል

ሾፌሩ ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስደግፎ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከጭነት መኪናው የወለቀውን የፊት ጎማ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ይደባብሳሉ።

«አቤት፣ የዋስትና ክፍል» አለች አንዲት ሴት። ጎማዎቹ የሚገጠሙባቸውን ብረቶች፣ ቸርኬዎቹን፣ የሠራው ፋብሪካ ሠራተኛ ናት።

የመኪናው የራሱ ቸርኬዎች ሲጣመሙ ሾፌሩ ሌላ ፋብሪካ የሠራቸውን ሁለት የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች ገዛ። ጎማውን የገጠሙለት አማቱ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በጎሚስታነት ኖረው አሁን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ንፋስ አልይዝ አሉ። ሻጩ ቢጠየቅ «ከእኔ አይደለም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አዛውንቱ የጎማ ማውለቂያ ብረታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በሩ አጠገብ አኖሩት፣ ለሚፈልግ ሰው ሊሰጡት። «እጄ ከድቶኛል» አሉ። ሾፌሩ ቁርሱን ሳይጨርስ ተነስቶ ፋብሪካው ጋ ደወለ።

«አንድ ሌሊት ሲያድር ምን ያህል ይጎድላል ወንድሜ?» አለች ሴትዮዋ።

«ትንሽ» አለ ሾፌሩ።

«ትንሽ» አሉ አማቱም እኩል።

«ትንሽ ብቻ ከሆነማ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከአገጣጠም ነው። እሱን ደግሞ ዋስትናው አይሸፍነውም፤ ይቅርታ።»

አዛውንቱ እጃቸውን ከጎማው ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ሾፌሩ እነዚያን እጆች ያውቃቸዋል። መኪናውን የገዛ ሰሞን፣ ዶፍ ዝናብ ላይ መንገድ ዳር ሲቀር፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ጎማ የቀየሩለት እሳቸው ናቸው። ያኔ አማቱ ይሆናሉ ብሎ መቼ አስቦ!

«እህቴ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አይደለም» አለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ትንሽ የሚመስለው ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ ስለምሞላው ነው። አባባ አይተው እጄ ነው ብለው እንዳያዝኑ።»

አዛውንቱ ቀና አሉ። «አንተ! ጠዋት ጠዋት ትሞላለህ?»

«አዎ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ደግሞ ማታ ማታ አንተ ስትተኛ እሞላዋለሁ! በእግር ፓምፕ! በዚህ ጉልበቴ! በሥራዬ እንዳታፍርብኝ ብዬ እኮ ነው!»

የሾፌሩ ሚስት በመስኮት ብቅ አለች። «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ? ሌሊት አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ፣ እኔማ ሁለታችሁንም ሆዳችሁን ያመማችሁ መስሎኝ! ሰሞኑን ቅመም ያስቀረሁባችሁ በከንቱ ነዋ!»

ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሴትዮዋ ሳቋን ለመዋጥ ሞክራ አቃታት። «እንግዲያው ስንት እንደሚጎድል የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት የለም ማለት ነው። በሉ ጎማውን እስከ ልኩ ሙሉልኝ። የሳሙና ውሃ ደግሞ ጠርዙ ላይ ብቻ ሳይሆን ብረቱም ላይ ቀቡልኝ፣ በጀርባው በኩል። ካሜራውን ክፈቱና አሳዩኝ። አልቸኩልም።»

አልቸኩልም! ሾፌሩ ከቸርኬዎቹ ጋር መንከራተት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። የማያውቃት ሴት ናት፣ ግን ያን ጊዜ እህቱ ብትሆን ደስ ባለው።

ጎማውን ሞላ። ሚስቱ በሳህን የሳሙና ውሃ ይዛ ወጣች። አዛውንቱ ስፖንጁን ነክረው መጀመሪያ ጎማውና ብረቱ የሚገናኙበትን ጠርዝ ዞሩት፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚፈራ ሰው። ጠርዙ ላይ ምንም የለም። ገለበጡና የብረቱን ጀርባ አራሱት።

ከድፍኑ ብረት መሃል፣ ምንም መገጣጠሚያ ከሌለበት ቦታ፣ አንዲት አረፋ ብቅ አለች። አደገች፣ ፈነዳች፣ ሌላዋ ተተካች።

«አየሁት» አለች ሴትዮዋ። «ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ ውስጡ አየር ቀርቶበታል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ጓደኛውም አብሮት የተሠራ ስለሆነ ሁለቱንም እንቀይራለን፣ ማጓጓዣውም በእኛ ነው። ጠርዙ ላይ ግን አንዲት አረፋ አላየሁም። የገጠመውን ሰው እጁን ይባርከው።»

አዛውንቱ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «አንቺንም ይባርክሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «የወለደችሽ እናት ትባረክ። ዕድሜ ይስጥሽ።»

«አሜን አባቴ። አዲሶቹ ሲደርሱ የሚገጥምላችሁ ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ እኛው ሰው እንጠቁማለን።»

አዛውንቱ አማቻቸውን ቀና ብለው አዩት። እሱ ወደ በሩ ሄደ። ጥቅሉን አንስቶ ፈታው፣ የማውለቂያ ብረቱንም በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላቸው።

«አለን» አለ ወደ ስልኩ ዞሮ።

አዛውንቱ የሳሙናውን አረፋ ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ብረቱን ተቀበሉት። ጨርቁን ግን ሾፌሩ አልመለሰውም፤ ዓይኑን የሚጠርግበት ፈልጎ ነበር።