ቡናማዋ መስመር

አባዬ ሦስተኛውን ሽብልቅ ካስገባ በኋላ መዶሻውን አያነሳም። ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል።

«ቶሎ በል እንጂ አባዬ። ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ መድረስ አለብኝ።»

«ኮረብታው ስንት ዓመቱ ነው አልሽኝ?»

«ሠላሳ ሚሊዮን።»

«እንግዲያው አንቺም አምስት ደቂቃ ጠብቂ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሪፖርቴ ይጸድቃል። ባሕር ማዶ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ የፈረምኩበት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ከዚህ ከድንጋይ ቆራጮቹ ግቢ ጀርባ ያለው ኮረብታ ቅሪተ አካል የለበትም፣ ባዶ ነው ይላል። ባዶ ከሆነ የሲሚንቶ ፋብሪካው በሚቀጥለው ሳምንት በድማሚት ይንደዋል።

ጠዋት ሪፖርቱን ሳነብለት አባዬ አንድ ቃል ላይ አስቆመኝ። በኮረብታው ግድግዳ ላይ የሚታዩትን ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች «የብረት ዝገት» ብዬ ጽፌያቸዋለሁ። «ዝገት?» አለና ሳቀ። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚሁ ኮረብታ ለደረጃ የሚሆን ድንጋይ ሲቆርጥ፣ መስመር ያለበትን እየለየ ወደ ጎን ይጥላል፤ መስመሩ ላይ መሰንጠቁ አይቀርማ። አሁን የሚከፍተው ከተጣሉት አንዱን ነው።

ሹክሹክታ የምንለው የአባዬ የሥራ ባልደረባ መጋዙን አጥፍቶ ይመጣል። የመጋዙ ጩኸት ጆሮውን ስለወሰደበት፣ ሲያወራ ሰፈር ይሰማዋል፤ ስሙም የወጣለት ለዚያ ነው።

«ዶክተሯ ምን አለች?» ብሎ ይጮኻል።

«ዝገት ነው አለች» ይላል አባዬ።

«ኧረ ልጅ ሆና እንኳ እንዲህ አትዋሽም ነበር!»

እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። ከተመለስኩ ጀምሮ የማውቀው ነገር ከድንጋዩ የመጣ ይሁን ከሰው አገር መጽሐፍ፣ እርግጠኛ የሆንኩበት ቀን የለም።

አባዬ ይመታል። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው የመዶሻው ድምፅ ይወፍርና ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ይከፈታል።

ምንም የለም። አቧራ የለበሰ ግራጫ ገጽ ብቻ። እፎይ እላለሁ፤ እፎይ በማለቴም አፍራለሁ።

አባዬ ጣሳውን አንስቶ ውኃ ያፈስበታል።

ከውኃው ሥር ዓሣ ብቅ ይላል። አከርካሪው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት የጎን አጥንቶቹ፣ የተዘረጋ ጅራቱ። አጎንብሼ በማጉያ መነጽሬ አየዋለሁ፤ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚያ ዓይኔን ወደ ድንጋዩ ጠርዝ አወርዳለሁ። ከጎን ሲታይ ዓሣው ሌላ ምንም አይደለም፤ ቀጭን ቡናማ መስመር ነው። ግድግዳው ላይ እንዲህ ያሉ መቶ አሥራ ሁለት ቆጥሬያለሁ።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«አጥንት መሆኑን አውቃለሁ። የምን አጥንት እንደሆነ እንድትነግሪኝ ነው ያስተማርኩሽ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ሦስት ቀን ግድግዳ ስትለኪ እዚሁ ነበርኩ። ሻይ ጠየቅሽኝ እንጂ ስለ ድንጋይ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ስልኬን አወጣለሁ። የቢሮው ኃላፊ በሁለተኛው ጥሪ ያነሳል።

«ሪፖርቴን አታጽድቁት» እለዋለሁ። «ተሳስቻለሁ። ኮረብታው ባዶ አይደለም።»

«የመጀመሪያ ሥራሽ እኮ ነው። እስቲ ስምሽን አስቢ።»

አባዬን አየዋለሁ። ሪፖርቱ ላይ ከስሜ ቀጥሎ የተጻፈው የእሱ ስም ነው።

«ስሜን አስቤ ነው» እለዋለሁ። «ማስረጃውን ይዤ እመጣለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ ሹክሹክታ አንገቱን ያሰግጋል። «ምን አለች? ምን አለች?»

አባዬ በሕይወቱ ጮኾ አያውቅም። አሁን ግን ወገቡን ቀና አድርጎ፣ መሮ ሳዩ፣ ድንጋይ ጫኙ፣ ጠራቢው ሁሉ ዞር እስኪል ድረስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«ተሳስቻለሁ አለች! የእኔ ልጅ!»

ፀሐይዋ ድንጋዩን ማድረቅ ጀምራለች። ዓሣው ከጅራቱ በኩል እየደበዘዘ፣ ወደ ግራጫው እየተመለሰ ነው። አባዬ ጣሳውን ያቀብለኛል። አጎንብሼ ቀስ ብዬ አፈስሳለሁ፤ ጅራቱም ይመለሳል።