የእትዬ ስንዱ እልልታ

በሠርጌ ዕለት ሰርቨሩ የአክስቴን የእትዬ ስንዱን እልልታ አልቀበልም ብሎ ደጋግሞ መለሰው። «ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በልጧል፤ አልተቀመጠም» ይላል የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ፣ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ።

የዘመድ አዝማዱ ደስታና ለቅሶ ሁሉ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ባለው የጋራ ፎልደራችን ውስጥ ነው። አንድ ፋይል ከልኩ ካለፈ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ይጣላል። ስለዚህ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ አጭር ማልቀስና አጭር መሳቅ ተምረናል። እትዬ ስንዱ ግን የመጡት ሰርቨር ከሌለበት ቆላ ነው።

«እትዬ፣ ትንሽ ያሳጥሩት እንጂ» አላቸው ሙሽራው ይድነቃቸው እየተለማመጠ። «ካልተቀመጠ እኮ ልጆቻችን አይሰሙትም።»

«እልልታ ደግሞ ይለካል እንዴ? ምን ነካችሁ እናንተ!» አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እንደገና ለቀቁት። አላቆሙም። ከበሮ መቺው መምታቱን ረስቶ አፉን ከፈተ። ማጉያው «ፋይሉ ከተፈቀደው...» ብሎ ሲጀምር እልልታው ዋጠው።

ያኔ ሳቄ መጣ። እንደ ልማዴ ልቆርጠው ብል አልቆረጥ አለኝ። ከነቬሎዬ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ፤ እንባዬ ኩሌን ይዞት ወረደ፤ እኔ አሁንም እስቃለሁ። ሰርቨሩ የእኔንም መለሰው።

ይድነቃቸው አጠገቤ ተንበረከከ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጎረቤታሞች ነን።

«የሳቅሽን መጨረሻ» አለኝ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ «ሰምቼው አላውቅም ነበር።»