የተቋጠረው አስር ብር

«አስር ብርሽን መልሰሽ ያዥው፣ አባዮ» አላት ሚሬ፣ የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ። «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ብር አንቀበልም። በስልክ ብቻ ነው።»

ፋዱማ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ አንዱን የሳቢያን ሰፈር አስፋልት ላይ እንዳደረገች ቀረች። ስልክ አላት፤ ግን ከመደወል ሌላ የማያውቅ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ።

«ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው። ዛሬን ብቻ ተቀበለኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ "ዛሬን ብቻ" ያላለኝ ሰው የለም። ከተቀበልኩ ያባርሩኛል። ወይ በስልክ ከፍለሽ ግቢ፣ ወይ ውረጂ።»

ዞር ብላ በሐረር በኩል ያለውን ተራራ አየችው። ከተማው ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ተራራው ላይ ግን ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ቀን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ሸራ ዘርግቶ ይነግድበታል፣ አቋራጭ ፈላጊ ይሻገርበታል። ውሃው ሲመጣ ግን ከላይ ነው የሚመጣው፣ ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ። ጎረቤቶቿ ቅድም ከቤት ስትወጣ ስቀውባታል። «አንቺ ደመና ባየሽ ቁጥር ሬሳ ይታይሻል» ብለዋታል። ባጃጅ እንዳትፈልግ፣ በዚህ ሰዓት ሾፌሮቹ ጫታቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተጋድመዋል።

«ዋሪያ ሚሬ!» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴው ዐብዲናሲር። «ሴትዮዋን ፀሐይ ላይ አቁመህ ልትጠብሳት ነው? አስገባት፣ እኔ እከፍላለሁ።»

ተነስቶ ስልኩን ከፊቱ አርቆ ያዘና ከሾፌሩ ጀርባ በተለጠፈው የመክፈያ ምልክት ላይ ደገነው። አንዴ እንቢ አለው። ሁለቴም።

«ሚስጥር ቁጥሩን የሚስቴን የልደት ዓመት ነው ያደረግኩት» አለ። «እሷ በየዓመቱ ዕድሜዋን ትቀንሳለች፤ ስልኩ ደግሞ የድሮውን ካልሰጠኸኝ ይላል።»

አውቶቡሱ ሳቀ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ወጣት፣ «ቢሆንም ይሻላል አቦ» አለች። «ብር በሚቀበልበት ጊዜ ሚሬ መልስ ሰጥቶን ያውቃል?»

«ስልክ የሌለውስ ምን ይሁን?» አላት ዐብዲናሲር።

«እግር አለው» አለ ሚሬ።

በሦስተኛው ስልኩ ጮኸ። በሩ ተዘጋ። ፋዱማ አስር ብሯን ለሽማግሌው ብትዘረጋለት በእጁ መለሰው፤ «ነገ አንቺ ለሌላ ሰው ትከፍያለሽ» አላት። መርቃው ተቀመጠችና እንደ ልማዷ ብሩን በትከሻዋ ላይ በጣለችው ጋርባሳር ጫፍ ትቋጥረው ጀመር።

ቋጠሮውን ሳትጨርስ ተወችው።

ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ ቋጥራ ነበር፤ በልጇ በዱኒያ ሂጃብ ጫፍ፣ የመመለሻዋን አስር ብር። ዱኒያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በየቀኑ ወንዙ ማዶ ካለው ከመጋላ ወደ ሳቢያን ብቻዋን በአውቶቡስ ትመለሳለች፤ በየቀኑም ጠዋት በር ላይ ፋዱማ አንገቷን ይዛ የምታስደግማት ነገር አለ። ቋጠሮውን እንዳትለቂ። የማታውቂው ሰው ልክፈልልሽ ቢል እሺ እንዳትይ፣ ነገ ሌላ ነገር ይጠይቅሻል። ድልድዩን በእግርሽ እንዳትሻገሪ፣ ባጃጅ ይገጭሻል። መንገድ ላይ ማንም ቢጠራሽ ዞር እንዳትይ።

ዱኒያ ታዛዥ ልጅ ናት።

«አንቺስ እሺ ብለሽ ተከፈለልሽ» አለ ሚሬ፣ ከበሩ ጋ ተደግፎ። «ቅድም ከመጋላ ስንነሳ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ሦስት ሰው ልክፈልልሽ ቢላት አሻፈረኝ አለች። ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። በኋላ ወረደች።»

«ምን ለብሳለች?»

«አረንጓዴ ሂጃብ። ጫፉን እንዲህ አርጋ ጨምድዳ ይዛ።»

«ወዴት ሄደች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት፣ ወደ አሸዋው ነዋ።» ከዚያ ፊቷን አየና ከተደገፈበት በር ቀና አለ።

ፋዱማ ከፊት የነበረውን ወንበር ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች፤ ዐብዲናሲር ከጀርባዋ የሚላትን አልሰማችም።

አውቶቡሱ ድልድዩ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሁሉም ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ዞሮ የድልድዩን ብረት ተደግፏል። ከታች ነጋዴዎች ሸራቸውን እየጎተቱ ወደ ዳር ይሮጣሉ። «ቢሻን! ቢዮ! ውሃ መጣ!» ይላል ሰው፣ እያንዳንዱ በአፉ በቀደመው ቋንቋ።

ሚሬ በሩን ከፈተላት። ሰው እየገፋች ብረቱ ጋ ደረሰች።

በስተላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ቡናማ ነገር አሸዋውን እየበላ ይመጣል። ከፊቱ ቅርንጫፍና ጀሪካን ይገፋል። በእሱና በድልድዩ መካከል፣ ከአሸዋው ወገብ ላይ፣ አረንጓዴ ሂጃብ የለበሰች ልጅ ወደዚህኛው፣ ወደ ከዚራው ዳር ትራመዳለች።

«ዱኒያ!»

ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተቀበላት። ስሟን ከእናቷ ሰምተው መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ጠራት፤ ወንዱ፣ ሴቱ፣ የማታውቀው ሰው ሁሉ። ድምፁ ከውሃው ድምፅ ጋር ተደባለቀ።

ዱኒያ አልዞረችም። የሂጃቧን ጫፍ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ እንደተነገራት አንገቷን ደፍታ፣ ሳትሮጥ፣ መንገዷን ቀጠለች።