ሦስት ወር የፈጀ መልስ

«እማ… ግን እስከ መቼ ነው አባቴን እኔ የማመላልሰው?»

ልጇ ይህን ያላት የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ነው።

አባትየው በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለበት። ልጁ ደግሞ ዳቦ ቤት ሲጋግር ያድርና፣ ዱቄቱን ከልብሱ ሳያራግፍ መጥቶ ያደርሰዋል።

እናት ወደ ስፌቷ ዞረች።

አባት ግን ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ «ተሽሎኛል፣ ዛሬ ይቅርብኝ» ማለት አመጣ። ሐኪሙ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል አስጠንቅቋል…

በሳምንቱ እናት «ልብስ ላደርስ ነው» እያለች መውጣት ጀመረች።

መኪና መንዳት ልትማር!

በሃምሳ አራት ዓመቷ…

ያስቸገራት እግሯ ነው። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪናዋን በሁለት እግሯ እኩል ስትረግጥ የኖረች ሴት፣ በግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ በቀኟ ነዳጁንም አብራ ትለቃለች።

መኪናው ይንዘፈዘፍና… ጸጥ!

«እናቴ፣ ሱሪ እያሳጠሩ ነው እንዴ?» አላት ልብስ ሰፊ መሆኗን የሰማው አሰልጣኟ።

«አንተ ብቻ ታገሠኝ፣ ያንተንም አሳጥርልሃለሁ።»

ፈተናውን ሁለቴ ወደቀች። ሁለቴም ዳገት ላይ። ቤት ስትገባ ግራ ጉልበቷ አልታዘዝ እያላት፣ ግድግዳ ተደግፋ ወጥ ታማስላለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በሦስተኛው አለፈች። ፈጣሪ ይመስገን!

መንጃ ፈቃዷን ሲያይ የልጇ ፊት ተለዋወጠ።

«እማ… ያን ቀን በተናገርኩሽ ተቀይመሽ ነው አይደል?»

«ምን ያስቀይመኛል? ጠየቅከኝ፣ መልሱን አላወቅኩትም። ስማረው ሦስት ወር ፈጀብኝ።»

«እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ ልጄ። ቆመህ ስታንቀላፋ አይቼሃለሁ። አባትህን አድናለሁ ብዬ አንተን መሪ ላይ ልጣህ?»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ…

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ገብቶ አልጋው ላይ እንደተዘረረ እንቅልፍ ወሰደው። ጫማውን አወለቀችለት፣ ብርድ ልብስ ደረበችለት።

ባሏን ደግፋ መኪና ውስጥ አስገባች። አማተበች። ቁልፉን አዞረች…

ሞተሩ ጠፋባት።

እንደገና አስነሳችውና… ቀስ ብላ ሄደች።

ወዳጆቼ፣ ከቤተሰብ የምንሰማው ክፉ ቃል ሁሉ ከክፉ ልብ አይወጣም። አንዳንዱን የሚናገረው እንቅልፍ ማጣት ነው።

እስቲ ንገሩኝ… በእናንተ ቤት ደክሞት የሚነጫነጨው ማነው? ተቀየማችሁት… ወይስ አሳረፋችሁት?